ባለጉዳዩ ስብሰባ ይግባ? የ31 መልሶች ክር

ይህን መድረክ ከምንጠብቀው አንዱ ነኝ። የሱስ ሕክምና አሠራር ሲወሰን ታካሚው ራሱ ይጠየቅ ወይ የሚለው ክር፣ ማለትም የመልሶች ሰንሰለት፣ ስለረዘመና ከመካከል የገባችሁ አንዳንዶቻችሁ የተመለሰውን ጥያቄ እየደጋገማችሁ ስለጠየቃችሁ፣ ከመነሻው እስከ 31ኛው መልስ የተባለውን በራሴ አገላለጽ ላስቀምጥላችሁ። ስም አልጠራም፤ ቁጥር ይበቃል። ሁለት መልሶች አጥፍቻለሁ፤ ምክንያቱን እዚያ ስደርስ እናገራለሁ።

መነሻው

ክሩን የከፈተችው ግላስጎው የምትኖር ነርስ ናት። ቀድሞ አዲስ አበባ ጤና ጣቢያ ትሠራ ነበር፤ አሁን ዘጠኝ ዓመቷን በሱስ ሕክምና ክፍል ይዛለች። አጻጻፏ ትሑት ነው፤ ያሰበችው ግን ቀላል አይደለም። ስኮትላንድ 5.4 ሚሊዮን ያህል ሕዝብ ይዛ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ 1,339 ሰው ከአደንዛዥ ዕፅ ጋር በተያያዘ ሞት አጥታለች። በማግስቱ ዓመት በግንቦት ወር አሥር የሕክምና መለኪያዎች ወጡ። አንደኛው፣ ሕክምና ፈልጎ የመጣ ሰው በዚያው ዕለት መድኃኒት መጀመር እንዲችል ይላል፤ ሁለተኛው፣ የመድኃኒቱንና የመጠኑን ምርጫ ከታካሚው ጋር ተመካክሮ መወሰንን ያዝዛል። እርሷን የገረማት ግን የመለኪያው አፈጻጸም የሚመረመርበት መንገድ ነው። አንድ አካባቢ ሥራዬን ሠርቻለሁ ለማለት ቁጥር ማቅረብና የአሠራር ሰነድ ማሳየት አይበቃውም፤ ሦስተኛ ማስረጃ ይጠየቃል፤ እርሱም የታካሚዎቹ ቃል ነው። ያንን ቃል ከሚሰበስቡት መካከል ራሳቸው በሱስ ያለፉ ሰዎች አሉ።

ከዚያ አንድ ስብሰባ ተረከች። ስብሰባው የተጠራው ታካሚዎች ለምን ከሕክምናው እንደሚቀሩ ለመመካከር ነበር። ኃላፊዎቹ የቀሪዎችን ብዛት በሠንጠረዥ አሳዩ፤ ስለ ተነሣሽነት ማነስና ስለ ምክር አገልግሎት ብዙ ተባለ። ከበሩ አጠገብ ሜታዶን የተባለውን የሄሮይን ሱስ መድኃኒት መውሰድ ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመት የሆነው ሰው ተቀምጧል። ሜታዶን እንዴት እንደሚወሰድ ለማታውቁ ነርሷ አስረድታለች። አረንጓዴ ሽሮፕ ነው፤ ፋርማሲስቱ በትንሽ የፕላስቲክ ኩባያ ለክቶ ይሰጣል፤ ታካሚው እዚያው ፊቱ ይጠጣል፤ ከዚያ ውኃ ይጎነጭና አንድ ሁለት ቃል ይናገራል፤ መድኃኒቱን በአፉ ይዞ እንዳይወጣ ነው። በተከታታይ ሦስት ቀን የቀረ ሰው መድኃኒቱ ይያዝበትና ወደ ሐኪሙ ይመለሳል፤ ሰውነቱ መልመዱን ሲተው የቀድሞው መጠን ሊገድለው ይችላልና።

ሰውየው የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ፋርማሲው የሚከፈተው በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ሰዓት ነው፤ የግንባታ ሥራው የሚጀምረው አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ነው፤ ታዲያ የትኛውን ልተው? በሠንጠረዡ ላይ ተነሣሽነት የጎደለው ተብሎ የተቆጠረው ሥራ አጥብቆ የያዘው ሰው ነበር። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማልዶ ወደሚከፍት ፋርማሲ ተዛወረ። ነርሷ ይህን ካለች በኋላ ጥያቄዋን ወደ አገር ቤት አዞረች፦ አማኑኤል ሆስፒታልም ይሁን የክልል ሆስፒታል የሱስ ክፍል፣ የጉብኝት ሰዓት ወይም የመድኃኒት አሰጣጥ ሲወሰን ታካሚው ይጠየቃል? ቢጠየቅስ ማን ይቀመጥ?

መልሶቹ

1ኛው አዲስ አበባ የሚሠራ ሐኪም ነው። አመስግኖ ጀመረ፤ በሐሳቡም ተስማማ። ነገር ግን የእኛ ታካሚ አብዛኛውን ጊዜ በራሱ እግር እንደማይመጣ፣ አባት፣ አጎትና የሠፈር ጎረምሳ ከብበው እንደሚያመጡት አስታወሰ። ሊታከም ሳይስማማ የመጣ ሰው ስለ ሕክምናው አሠራር ሐሳብ ስጥ ቢባል ምን ይላል? ካርዱን የሚያወጣው አባቱ ነው፤ ሐኪሙም የሚያናግረው አባቱን ነው። ይህን ልክ ሆኖ አገኘሁት፤ ታካሚው በሁለት ዘመዶች መካከል ተቀምጦ ስለ እርሱ በሦስተኛ መደብ ሲወራ የሚሰማበት ክፍል ለማናችንም እንግዳ አይደለም።

2ኛው ቁጥር አራሚ ነው። በየክሩ ታውቁታላችሁ። የ1,339ኙን ቁጥር አልካደም፤ ግን ሙታኑን ሁሉ የሄሮይን አድርጎ መውሰድ ስሕተት መሆኑን ጠቆመ። አብዛኞቹ በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ነገር ወስደው ነበር፤ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ በመንገድ የሚሸጥ ሐሰተኛ የማስታገሻ ክኒን ተገኝቷል፤ ከግማሽ በሚበልጡት ላይ ደግሞ ያው ሜታዶን ራሱ ተጠቅሷል። ስለዚህ ሜታዶን እንዴት ይታደል የሚለው ብቻውን አይበቃም ባይ ነው። የኋለኞቹን ዓመታትም አከለ፦ በ2021 1,330፣ በ2022 1,051፣ በ2023 1,172። መለኪያው ከወጣ በኋላ ወርዶ እንደገና ከፍ ያለ ቁጥር ምንም አያረጋግጥም ብሎ ደመደመ። ነርሷ በዚያው ሌሊት አመሰገነችው፤ ሜታዶንን ብቻ ያነሣችው ሰውየው የሚወስደው እርሱን ስለሆነ መሆኑን ገለጸች።

3ኛው ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው፤ ጋሼ ልበላቸው። እርሳቸውን የከነከናቸው ቃሉ ነው። ነርሷ እንደ ጋዜጣው ሁሉ «የዕፅ ተጠቃሚ» ብላ ጽፋለች። የውኃ ተጠቃሚ፣ የመብራት ተጠቃሚ፣ የብድር ተጠቃሚ ሲባል ጥቅም ያገኘ ማለት ነው፤ ታዲያ ቤቱ የፈረሰበትን ሰው ተጠቃሚ ማለት በአማርኛ ላይም በሰውየውም ላይ ማላገጥ ነው አሉ። ሱሰኛ የሚለውንም አልወደዱትም፤ ሰውን በሕመሙ መጥራት ነውር ነው፤ የሚጥል በሽታ ያለበትን እንዲያ አንለውም።

እዚህ ላይ ክሩ ለሁለት ቀን ያህል የሰዋስው ክፍል ሆነ። 4ኛው ታካሚ ይባል አለ። 5ኛው ተቃወመ፤ አባባሉ እስካሁን አልወጣልኝም። ሰው ዕፁን የሚጀምረው ስለጠቀመው እንደሆነ፣ አንድ ሕመም ስላስረሳው ወይም አንድ ሌሊት ስላስተኛው እንደሆነ፣ ተጠቃሚ የሚለው ቃል ሳይፈልግ እውነቱን እንደተናገረና ሐኪሞች ይህን ጥቅም ሳይጠይቁ ስለሚያክሙ እንደሚሳሳቱ ጻፈ። 6ኛዋ ባለጉዳይ የሚለውን ቃል አመጣች። ጉዳዩ የእርሱ ስለሆነ ባለጉዳይ ነው፤ ቃሉም አይሰድብም፣ አያሞግስም። ሁሉም ወደዱት፤ ነርሷም ከዚያ ወዲያ ይህንኑ ያዘች፤ እኔም ለርእሱ ወሰድሁት። ጋሼ ብቻ ባለጉዳይ በአገራችን ሰነዱን ይዞ በመስኮት ነገ ተመለስ የሚባል ሰው መሆኑን አስታውሰው ሳቁ።

7ኛው መልስ ሲመጣ ሳቁ ቆመ። ጸሐፊው ወንድሙን በአረቄ ያጣ ሰው ነው፤ ወንድሙ አልሞተም፣ ግን አጣሁት ነው የሚለው። በመጀመሪያ የቤቱ ቴሌቪዥን ሄደ፤ ቀጥሎ የእናታቸው ነጠላ፤ በመጨረሻ በክረምት ማለዳ እናቱ እሳት ልታያይዝ ወደ ማድ ቤት ስትገባ ከራሷ በላይ ሰማይ አየች፤ ሌሊቱን ሦስት ቆርቆሮ ተነቅሎ ተሸጧል። ይህን ሰው ስለ ሕክምና አማክሩ ማለት ጅብን ሥጋ ጠብቅ እንደ ማለት ነው ሲል ጻፈ። እስከዚያ ድረስ ነርሷን ሁሉም እርስዎ ወይም እህቴ ይሏት ነበር። 7ኛው ጽሑፉን በእርስዎ ጀምሮ ከቆርቆሮው ወዲያ አንቺ አላት፤ ፈረንጅ አገር ተቀምጠሽ የማታውቂውን አትናገሪ አላት። ላጠፋው አስቤ ነበር። ስለ ቆርቆሮው ስል ተውሁት።

8ኛው የነርሷ ነው። በእርስዎ መለሰችለት። ወንድሙ ገንዘብ ያዥ ይሁን እንዳላለች፣ መድኃኒት ቤት ስንት ሰዓት ይከፈት ተብሎ ይጠየቅ እንዳለች፣ ለእናቱም እንዳዘነች በአራት መስመር ጨረሰች።

9ኛው ቫንኩቨር ለሃያ ዓመት ያህል ታክሲ የነዳ ሰው ነው። ዳውንታውን ኢስትሳይድ የሚባለውን ሠፈር በሌሊት ደንበኛ ሲያመላልስ ነው ያወቀው። እ.ኤ.አ. በ1997 በዚያ ሠፈር ኦፐንሃይመር በሚባለው መናፈሻ ውስጥ አንድ ሺህ የእንጨት መስቀል ተተከለ፤ ከልክ ያለፈ ዕፅ ለገደላቸው ሰዎች መታሰቢያ። በዚያው ጊዜ ዕፁን የሚወስዱት ሰዎች ራሳቸው ማኅበር መሠረቱ፤ ቫንዱ ይባላል፤ በየመንገዱ እየዞሩ መርፌ ይለቅማሉ፣ ለራሳቸውም ስብሰባ ያካሂዳሉ፣ ወደ ከተማው ምክር ቤትም ይገባሉ። በ2003 ኢንሳይት የተባለው ቤት ሄስቲንግስ መንገድ ላይ ተከፈተ፤ ሰው ይዞት የመጣውን በነርስ ፊት የሚወስድበትና ራሱን ቢስት የሚድንበት ቤት ነው። መንግሥት ሊዘጋው ሲል ነገሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ2011 ዘጠኙም ዳኞች ቤቱ እንዲቀጥል ፈረዱ፤ ከከሳሾቹ መካከል ማኅበሩና ዕፁን የሚወስዱ ሰዎች ነበሩበት። ባለታክሲው ያጠበቀው ነገር እነዚህ ሰዎች ተጋብዘው እንዳልገቡ ነው፤ በሩን አንኳኩተው ሳይሆን ገፍተው ነው የገቡት። ነርሷ የምታወራው ስለ ግብዣ ነው፤ ተጋባዥ ደግሞ የቀረበለትን ይበላል እንጂ ወጡን አይመርጥም ይላል።

10ኛው፣ አምስተርዳም የሚኖር ሰው፣ ታሪኩ ከዚያም የቀደመ መሆኑን አረመ። ሆላንድ ውስጥ ዕፅ የሚወስዱ ሰዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ በሮተርዳም ማኅበር አቋቁመው ነበር። በአምስተርዳም እ.ኤ.አ. በ1984 ያገለገለ መርፌ ተቀብሎ አዲስ መስጠት የተጀመረውም ከእነዚሁ ሰዎች በመጣ ግፊት ነው። በወቅቱ የተፈራው የጉበት በሽታ ነበር፤ የኤች አይ ቪ ፍራቻ ገና ከተማዋን አልያዛትም። ቫይረሱ ሲመጣ መርፌው ቀድሞ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ጤና ቢሮው ይህን ከራሱ አላሰበውም ሲል ጨመረ፤ የአነጋገሩ ኩራት ጥቂት ያበዛዋል፤ የተናገረው ግን ልክ ነው።

ለእኔ የክሩ ዋና ነገር 11ኛው መልስ ነው። ጸሐፊዋ በኢትዮጵያ የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነፃ መሰጠት ሲጀምር፣ በ1997 ዓ.ም.፣ ከመጀመሪያዎቹ ወሳጆች አንዷ ነበረች፤ በኋላም በዚያው ክሊኒክ ለታካሚዎች ክትትል ሠራተኛ ሆና ተቀጠረች። ሐኪሞቹ ሰዎች ክኒናቸውን ለምን እንደሚተዉ ይመራመሩ ነበር። አንዱ የጎንዮሽ ጉዳት ነው ይላል፤ ሌላው የግንዛቤ ማነስ ነው ይላል። ታካሚዎቹ እርስ በርስ ሲያወሩ ግን ነገሩ ሌላ ሆኖ ተገኘ። ክኒኑ በፕላስቲክ ብልቃጥ ነው የሚታደለው፤ ብልቃጡ ቦርሳ ውስጥ ይንጫጫል። ታክሲ ውስጥ ከጎረቤት ጋር ጉልበት ለጉልበት ተጠጋግቶ የተቀመጠ ሰው በየጉድጓዱ ቦርሳው ሻኩራ ሻኩራ ሲል ያስቡት። መንደሩ ሁሉ ድምፁን አውቆታል። ስለዚህ አንዳንዱ ብልቃጡን እዚያው በር ላይ ጥሎ ክኒኑን በወረቀት ጠቅልሎ ይሄዳል፤ በላብና በዝናብ ይበላሻል፤ ሌላው ጭራሽ አይወስደውም። መፍትሔውን ያገኘችው አንዲት ልብስ ሰፊ ናት፦ ብልቃጡ አፉ ድረስ በጥጥ ይጠቅጠቅ። ከዚያ ወዲያ ለአዲስ ታካሚ መድኃኒት ሲሰጥ አንድ እፍኝ ጥጥ አብሮ ይሰጥ ጀመር። ጸሐፊዋ እንደምትለው ጥጥ በየትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም፤ ግን ብዙ ሰው ያተረፈው ጥጡ ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 ፓሪስ ላይ 42 አገሮች ከቫይረሱ ጋር የሚኖሩ ሰዎች በሥራው ሁሉ እንዲሳተፉ መፈራረማቸውንም አስታወሰች፤ ያቺ ልብስ ሰፊ ፓሪስ የት እንደሆነች ባታውቅም።

12ኛው ይህን ሁሉ ሙቀት ቀዝቃዛ ውኃ ደፋበት። እርሱም በዚያ ዘመን ሠርቷል። ከጥጡ በኋላ የሆነውንም እናውራ አለ። ማኅበራት በዙ፣ ፕሮጀክት መጣ፣ አበል መጣ። በየሆቴሉ አዳራሽ ታካሚዎችን ወክለው የሚቀመጡት ያው ሦስት ሰዎች ሆኑ፤ ከአዳማ ወደ ሐዋሳ፣ ከሐዋሳ ወደ ባሕር ዳር። በፎቶ ላይ ከፊት ይቆማሉ፤ ውሳኔው ግን ከእነርሱ በፊት ታትሞ ቀርቧል። ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት የሚለውን ተረት የጠቀሰው እዚህ ላይ ነው። ለሱስ ሕክምናም እንዲህ ያለ ወንበር ከሚዘጋጅ ጨርሶ ባይኖር ይሻላል ብሏል። 11ኛዋ በ13ኛ ቁጥር ተመልሳ ተቆጣች፦ አበሉ የተጀመረው ሐኪሞቹ ዘንድ ነው፤ ታካሚ ሲበላው ብቻ ለምን ሌብነት ይሆናል? ለዚህ 12ኛው መልስ አልሰጠም።

ገንዘብ ከተነሣ ዘንድ 14ኛው ግላስጎው ውስጥ ይከፈላቸው እንደሆነ ጠየቀ። ነርሷ አንዳንዴ የዕቃ መግዣ ካርድ፣ አንዳንዴ የአውቶቡስ ዋጋ እንደሚሰጥ መለሰች። ደመወዝ ለመክፈል ሲታሰብ ሰዎቹ ራሳቸው ይፈራሉ፤ ከመንግሥት የሚያገኙት ድጎማ ይነካብናል ብለው። ስለዚህ ሥራ አስኪያጁ በደመወዙ፣ ባለጉዳዩ በነፃ በአንድ ስብሰባ ላይ ይቀመጣሉ። ይህን እርሷም እንደማትወደው ደበቅ አላደረገችም።

ከ15 እስከ 20 ክሩ ጫት ተራ ገባ። መግባቱ አይቀርም ነበር። ለንደን የሚኖር አንድ ሰው እንግሊዝ እ.ኤ.አ. ሰኔ 24 ቀን 2014 ጫትን ስትከለክል የሆነውን ተረከ። የመንግሥቱ የራሱ አማካሪ ምክር ቤት በ2013 መጀመሪያ መከልከሉን አልደገፈም ነበር፤ መንግሥት ግን ከለከለ። ሱማሌውም፣ የመኑም፣ ሐበሻውም ለመቃም የሚቀመጥባቸው መፍረሾች ተዘጉ። የሚቅመውን ሰው የጠየቀው የለም አለ። አንዲት ሱማሌ ጎረቤቶች ያሏት ሴት ወዲያው መለሰችለት፦ እንዲከለከል ሲጮሁ ከነበሩት መካከል የቃሚዎቹ ሚስቶችና እናቶች አሉበት፤ ባል ሌሊቱን ሙሉ መፍረሽ ሲያድር ልጆቹን ይዛ የምታድረው ባለጉዳይ አይደለችም? ከዚህ የበለጠ ጥሩ ጥያቄ በክሩ ውስጥ አልተጠየቀም ባይ ነኝ፤ 7ኛው በቁጣ ሊል የፈለገውን እርሷ በአንድ ዓረፍተ ነገር አለችው። ነገር ግን ወዲያው የአወዳይ ጫት ይበልጣል የባሕር ዳር የሚል ክርክር ተነሥቶ ጥያቄውን ቀበረው። ያጠፋኋቸው ሁለት መልሶች እዚህ ነበሩ፤ የብሔር ስድብ ስለነበረባቸው ነው።

21ኛዋ እስራኤል አገር በማኅበራዊ ሥራ ላይ ያለች ናት፤ ክሩን ወደ መሥመሩ መለሰችው። በምትሠራበት ከተማ የሱስ ሕክምናው ኮሚቴ ከእኛ ማኅበረሰብ አንድ አዛውንት ታካሚ ጋበዘ። ዕብራይስጥ ስለማይችሉ አስተርጓሚ ያስፈልጋል፤ አስተርጓሚ ሆና የመጣችው የገዛ ልጃቸው ናት። ሽማግሌው በልጃቸው አፍ ስለ መጠጣቸው ሊናገሩ አልቻሉም፤ ስለ አየሩ ተናግረው፣ መንግሥትን አመስግነው ወጡ። በቃለ ጉባኤው ላይ ታካሚው ተሳትፈዋል ተብሎ ተጻፈ።

22ኛው ሁሉንም ለሐኪምና ለኮሚቴ መተው ስሕተት ነው፣ ሰው የሚድነው በጸበል ነው አለ። ጠብ ይነሣል ብዬ ነበር፤ አልተነሣም። 1ኛው ሐኪም ተመልሶ፣ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጸበል እየተጠመቁ የኤች አይ ቪ መድኃኒት መውሰድ እንደሚቻል በይፋ የተናገሩበትን ጊዜ አስታውሶ፣ የሱስ ታካሚዎቹም ግማሽ ያህሉ ከጸበል ቦታ እንደሚመጡና ስለ ሕክምና ሲመከር አጥማቂውም ቢጠራ እንደማይከፋው ጻፈ።

23ኛው ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው አለ። 24ኛው ዳሬሰላምን ጠቀሰለት፤ ሙሂምቢሊ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ሜታዶን ይሰጣል፣ ዕፁን የሚወስዱ ሰዎችም የራሳቸው ማኅበር አላቸው። 23ኛው ተመልሶ አልጻፈም።

25ኛው ግላስጎው የሚኖር ሌላ ሐበሻ ነው፤ ሱቅ አለው። ስለ ነርሷ ከተማ ነርሷ ያልተናገረችውን አመጣ። በጥር 2025 እ.ኤ.አ. ሃንተር መንገድ ላይ ዚስል የሚባል፣ እንደ ቫንኩቨሩ ኢንሳይት ያለ ቤት ተከፈተ፤ በብሪታንያ በፈቃድ የተከፈተ የመጀመሪያው እንዲህ ያለ ቤት ነው፤ በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት ይሠራል። ሲታቀድ ዕፁን የሚወስዱ ሰዎች ተጠይቀዋል፤ ጥሩ ነው። እኔ በየጠዋቱ የሱቄን ደጃፍ ስጠርግ መርፌ የምለቅም ሰውስ ማን ጠየቀኝ አለ። ነርሷ እዚህ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ተቆጣች። መርፌው ቤቱ ከመከፈቱ በፊትም መንገዱ ላይ እንደነበር፣ ቤቱ የተከፈተውም ለዚያ መሆኑን፣ የጎረቤት ስብሰባ ሲጠራም ባለሱቆች እንዳልመጡ መለሰች። እርሱም ስብሰባው የተጠራው ሱቅ ክፍት በሆነበት ሰዓት መሆኑን ጻፈላት። ይህን አንብቤ ለብቻዬ ሳቅሁ፤ የዚያ የግንበኛው ነገር በሌላ በር ተመልሶ መጣ።

26ኛው ቀደም ሲል አንድም ቃል ያልጻፈ ሰው ነው፤ በዚህ መድረክ የመጀመሪያ መልሱ ነው። በአሁኑ ጊዜ ከመጠጥ ለመላቀቅ ሕክምና ላይ ነው። ሦስት ወር የተኛበትን ማገገሚያ ስሙን አልጠራም፤ ቢጠራም እኔ አወጣው ነበር። እዚያ የአስተያየት መስጫ ሳጥን አለ። ሰማያዊ ቀለም የተቀባ የእንጨት ሳጥን፤ ትንሽ ቁልፍ ተንጠልጥሎበታል። የተሰቀለው ወደ ሥራ አስኪያጁ ቢሮ በሚወስደው መተላለፊያ ነው፤ ታካሚ ደግሞ ያንን መተላለፊያ እንዳያልፍ ተከልክሏል። አንድ ቀን ጥበቃውን ለምኖ ወረቀቱን ሰጠው፤ ጥበቃው ሊከተው ሲል ወረቀቱ አልገባ አለ። ቀዳዳው ውስጥ የሸረሪት ድር ነበረ፤ ከድሩ በታች ደግሞ የማስቲካ መጠቅለያ። ጥበቃው ወረቀቱን አጣጥፎ ኪሱ ከተተው፤ ከዚያ ወዲያ የሆነውን አያውቅም።

በወረቀቱ ላይ የጻፈውን ግን ነገረን። እራት አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይሰጣል፤ ከዚያ እስከ ማግስቱ ቁርስ ምንም የለም፤ በሩ ይዘጋል። ለጠጪ ሰው ከባዱ ሰዓት ከምሽቱ አንድ ሰዓት እስከ አራት ሰዓት ያለው ነው፤ እጁ ብርጭቆ የለመደበት ሰዓት ነውና። ምክርና ስብሰባ ሁሉ ጠዋት ነው፤ ጠዋት ማንም መጠጣት አይፈልግም። አንዱን ስብሰባ ወደ ምሽት ቢያዞሩት፣ በአራት ሰዓትም ሻይ ቢሰጡ። የጠየቀው ይህን ነው። ገንዘብ አይጠይቅም፤ ሻይ ነው።

27ኛው ያው ባለ ቆርቆሮው ነው። አዲሱን ሰው አንተ አለው፤ የሸጥኸውን ንገረንና ከዚያ ስለ ሻይ እናወራለን አለው። 28ኛው፣ የታካሚው መልስ፣ እጅግ አጭር ነበር። የአባቱን ሬዲዮ፣ የእኅቱን የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የራሱን ጋብቻ ሸጧል። ለእኅቱ በየወሩ እየመለሰ ነው፤ ሬዲዮውን ፈልጎ አላገኘውም። ለ27ኛውም አንቱ ብሎ ነው የጻፈው።

29ኛው መልስ እስኪመጣ አራት ቀን አለፈ። ክሩ የሞተ መስሎኝ ነበር። 27ኛው፣ ወይም 7ኛው፣ እንደ ፈለጋችሁ፣ ተመልሶ ያ ማገገሚያ በወር ስንት እንደሚያስከፍልና ወንድም መጎብኘት የሚቻለው በየትኛው ቀን እንደሆነ ጠየቀ። ሌላ ምንም አልጻፈም። 30ኛው መልስ ታካሚው በግል መልእክት እንደጻፈለት የሚገልጽ ነው።

31ኛው የነርሷ ነው፤ ትናንት ማታ የገባ። ብዙ ሰው ስለዚያ ግንበኛ ስለጠየቃት እንዲህ ሆነ ትላለች። ወደ ማልዶ ከፋቹ ፋርማሲ ከተዛወረ በኋላ አንድም ቀን ከመድኃኒቱ አልቀረም፤ ሥራውም ላይ ነው። የፋርማሲውን ጥያቄ ካነሣበት ኮሚቴ ግን ቀርቷል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ በስምንት ሰዓት ነው፤ እርሱ በዚያ ሰዓት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሲሚንቶ ያቦካል። ስብሰባው ወደ ምሽት እንዲዞር በጽሑፍ ጠይቃለች፤ ጥያቄሽ ለሚቀጥለው ስብሰባ በአጀንዳ ይያዛል ተብላለች፤ ማክሰኞ፣ በስምንት ሰዓት።